ገበያው ጉድለቱን በውድ ዋጋ ሲገዛ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1873 በአሜሪካ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ኒውዮርክ ሚልስ በተባለች ስፍራ የተካሄደ አንድ የከብት ሐራጅ እስከ ዛሬ ድረስ በእርባታ ታሪክ ይነሳል። በዕለቱ የቀረቡት የሾርትሆርን ዝርያ ከብቶች 109 ያህል ሲሆኑ በጠቅላላው ወደ 380 ሺህ ዶላር ተሸጡ። ከመካከላቸው አንዲቷ ላም ግን ብቻዋን 40,600 ዶላር አወጣች። ስሟ "ስምንተኛዋ የጄኔቫ ዳቸስ" ይባል ነበር። አሜሪካውያንና እንግሊዛውያን ተጫራቾች ተፋጥጠው ከቆዩ በኋላ ላሚቱ የእንግሊዙ ወገን ሆነች።

ለመሆኑ ይህች ላም ምን ብታደርግ ነው ይህን ያህል ገንዘብ የወጣባት? ወተቷ ከሌሎቹ ላሞች ወተት በአርባ እጥፍ አይበልጥም። ታርዳ ብትሸጥም ሥጋዋ ያው ሥጋ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ለዘር ሐረጓ ነው። "ዳቸስ" የሚባሉት ላሞች በውጭ መልካቸው፣ በአቋማቸውና በኤግዚቢሽን ሽልማታቸው የታወቁ ከመሆናቸውም በላይ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ጥቂት ነገር ደግሞ ይወደዳል። ይህን ማንኛውም የመርካቶ ነጋዴ ያውቀዋል። ገዢዎቹ ሊጠይቁት ሲገባ ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ግን ነበር። ዳቸሶቹ ጥቂት የሆኑት ለምንድን ነው?

መልሱ አስገራሚ ነው። ጥቂት የሆኑት በደንብ ስለማይወልዱ ነበር። በሌላ አነጋገር ገበያው አቅርቦቱን ያሳነሰውን በሽታ እንደ ብርቅነት ቆጥሮ ዋጋ ጨመረበት ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሐራጁ 70 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ቶማስ ቤትስ የተባለ የሰሜን እንግሊዝ አርቢ እ.ኤ.አ. በ1804 ቻርልስ ኮሊንግ ከተባለው ስመ ጥር አርቢ አንዲት ዳቸስ ላም በ100 ጊኒ ገዛ። ጊኒ ማለት 21 ሽልንግ የሚመነዘር የእንግሊዝ ገንዘብ ነበር። በ1810 ደግሞ ኮሊንግ መንጋውን በሐራጅ ሲሸጥ ቤትስ ከዚያው ቤተሰብ አንዲት ጊደር በ183 ጊኒ ጨመረ። በዚሁ ሐራጅ ኮሜት የተባለ ኮርማ በ1,000 ጊኒ ሲሸጥ አገር ጉድ አለ። ያን ዘመን ለአንድ ኮርማ ይህን ያህል የከፈለ ሰው አልነበረም።

የኮሜትን የዘር ሐረግ የተመለከተ ኢትዮጵያዊ ባላገር ሳያማትብ አያልፍም። አባቱ ፌቨሪት የሚባል ኮርማ ነው። ፌቨሪት በመጀመሪያ ከገዛ እናቱ አንዲት ጊደር ወለደ። ቀጥሎ ከዚያችው ከልጁም ከእህቱም ከሆነችው ጊደር ኮሜትን ወለደ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ዘር ሊቅ ሲዎል ራይት የዝምድናን መጠን በቁጥር የሚያሰላ ቀመር ሲያወጣ የኮሜት መጠን 47 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ወንድምና እህት ቢዳቀሉ የሚገኘው መጠን 25 በመቶ ብቻ መሆኑን ስናስብ የኮሜት ነገር ምን ያህል እንደተጠጋጋ ይገባናል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ለከብቱ ሲሆን አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጥር ቢቀር እርባታው ራሱ ይቆጥርበታል።

ቤትስም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ዳቸሶቹን እርስ በርሳቸው እያዳቀለ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት ሦስት ጊዜ ከውጭ ደም ለማስገባት ተገደደ። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ባሳተመው ስለ ለማዳ እንስሳትና ዕፅዋት በሚናገረው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ ጠቅሶ፣ ቤትስ ይህን ያደረገው የላሞቹን መልክ ለማሻሻል ሳይሆን የመውለድ አቅማቸው ስለቀነሰ እንደሆነ የሚነገረውን አስፍሯል። ቤትስ በ1849 ሲሞት ከአርባ ዓመት በላይ በፈጀ ድካሙ የዳቸሶቹ ተራ ቁጥር 64 ላይ ብቻ ደርሶ ነበር። ቤተሰቡ ከጊዜ በኋላ ጨርሶ ጠፋ። የሐራጁ ገዢዎች ግን የሚያዩት የላሚቱን መልክና ስሟን ነበር። ሐራጁ በተካሄደ በስምንተኛው ቀን የጄይ ኩክ ባንክ ወድቆ አሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ መግባቷ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ የዘመኑ ባለገንዘብ የባቡር ሐዲድ አክሲዮንም ሆነ ላም ሲገዛ የነበረበትን ስሜት ሳያመለክት አይቀርም።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የዝምድና እርባታ በራሱ በሽታ አይፈጥርም። የሚያደርገው ተደብቆ የነበረውን ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ከብት ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት ሁለት ጂን ይወርሳል። አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት ነው። ከሁለቱ አንዱ ብልሹ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ደህነኛው ይሸፍነዋል፤ እንስሳውም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ዓይነቱ ከብት "ተሸካሚ" ይባላል። ችግሩ የሚታየው ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው። ከአራት ጥጆቻቸው በአማካይ አንዱ ብልሹውን ጂን ከሁለቱም ወገን ወርሶ ታሞ ይወለዳል።

ይህን ወደ መንጋ ሒሳብ እንለውጠው። አንድ አርቢ 100 ጤነኛ ላሞች አሉት እንበል። አንድ ተሸካሚ ኮርማ ገዝቶ ለቀቀባቸው። በመጀመሪያው ዙር አንድም በሽተኛ ጥጃ አይወለድም። አርቢው ኮርማውን ያመሰግናል፤ ለጎረቤቱም ያወራለታል። ነገር ግን ከሴት ጥጆቹ ግማሾቹ ተሸካሚዎች ሆነዋል። አርቢው 40 ጊደሮች ለእርባታ ቢያስቀር 20ዎቹ ብልሹውን ጂን ይዘዋል። እነዚህን ጊደሮች መልሶ በዚያው በአባታቸው ቢያስጠቃ ከሚወለዱት 40 ጥጆች አምስቱ በሽተኞች ይሆናሉ። ይህ 12.5 በመቶ ነው። ከሌላ መንጋ በመጣ ንጹሕ ኮርማ ቢያስጠቃቸው ኖሮ ግን በሽተኞቹ ዜሮ ይሆኑ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የዕድል ነው። ዕድሉ የሚዛባው ተሸካሚው ከብት ከንጹሑ ይልቅ ለዓይን ያማረ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አርቢው 40 ጊደሮች ሲመርጥ 20 ተሸካሚ፣ 20 ንጹሕ አይመርጥም። ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ተሸካሚዎቹ ያደላል፤ 30ዎቹ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። በሽተኞቹም ከአምስት ወደ ሰባትና ስምንት ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ጉድለቱን የሚያስፋፋው የገበያ ምርጫ ራሱ ነው። ለዚህ ከሄርፎርድ ከብቶች ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የአጭር ከብት ፋሽን

ሄርፎርድ ፊቱ ነጭ፣ ገላው ቀይ የሆነ የሥጋ ከብት ነው። ከእንግሊዝ ተነስቶ የአሜሪካን ምዕራብ ያጥለቀለቀ ዝርያ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ሸማች አነስ ያለ የሥጋ ቁራጭ ፈለገ። ቶሎ የሚሰባ፣ አጠር ያለና ክብ ክብ ያለ ሰንጋ ተወዳጅ ሆነ። ፍላጎቱ ምክንያታዊ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከልኳንዳ ቤት ወጥቶ ወደ ኤግዚቢሽን ሜዳ ሲገባ መጠኑን አለፈ። የኤግዚቢሽን ዳኛ ሚዛን ይዞ አይዞርም፤ የሚፈርደው በዓይኑ ነው። አጭር ካሸነፈ በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ አጭር ይቀርባል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በየሜዳው ሪባን የሚጠለቅላቸው ከብቶች ጀርባቸው ከዳኛው ቀበቶ የማይበልጥ፣ እግራቸው ከሆዳቸው ሥር የጠፋ ነበሩ። ለእነዚህ ኮርማዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈል ነበር።

በዚሁ ዘመን በየእርባታው ያልተለመዱ ጥጆች መወለድ ጀመሩ። ግንባራቸው ያበጠ፣ እግራቸው የተኮማተረ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ሲተነፍሱ የሚያንኮራፉ ድንክ ጥጆች ናቸው። በዚህ የማንኮራፋት ድምፅ የተነሳ የአሜሪካ አርቢዎች "አንኮራፊ ድንክ" የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላቸው። አብዛኞቹ ለዕርድ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ የቆዩትም ገበያ ላይ የሚፈልጋቸው የለም። በ1950 የሳውዝ ዳኮታ ተመራማሪዎች ነገሩ የመኖ ጉድለት ወይም የአደጋ ጉዳይ ሳይሆን በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አሳተሙ። ድብቅ ጂን ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከአራት አንዱ ድንክ ይሆናል።

ጂኑ እንዴት ይህን ያህል ተስፋፋ የሚለውን ጥያቄ የዳኞቹ ዓይን ይመልሰዋል። ተሸካሚው ከብት ራሱ ድንክ አይደለም። ነገር ግን ከንጹሑ ትንሽ አጠር፣ ትንሽ ደንደን ይል ነበር። ፋሽኑ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። ዳኛው ሪባን ሲያጠልቅ፣ ባለሀብቱ ሐራጅ ላይ እጁን ሲያነሳ፣ ሁለቱም ሳያውቁት የሚመርጡት የበሽታውን ግማሽ ነው። ሻምፒዮኑን የገዛው አርቢ ደግሞ ያንኑ መልክ ለማጽናት ከሻምፒዮኑ ሴት ልጆች ጋር መልሶ ያዳቅለዋል። ከላይ ያየነው 12.5 በመቶ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በ1956 በሄርፎርድ አርቢዎች ዘንድ በፈቃደኝነት በተደረገ ጥናት ድንክ ያስወለዱ 50 ሺህ ያህል ከብቶች በ47 ክፍለ ግዛቶች ተመዘገቡ። አሜሪካ ያን ጊዜ የነበሯት ክፍለ ግዛቶች 48 ብቻ ነበሩ። ችግሩ የሄርፎርድ ብቻም አልነበረም፤ አንገስ የተባለው ጥቁር የሥጋ ዝርያም ውስጥ ገብቶ ነበር።

የመረጃው ጉዳይ የምጣኔ ሀብት ተማሪን ትኩረት የሚስብ ነው። ድንክ ጥጃ የተወለደበት አርቢ ምን ያደርጋል? ቢናገር ኮርማው ብቻ ሳይሆን የኮርማው አባት፣ እናት፣ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ዋጋቸው ይወድቃል። ስለዚህ ብዙዎች ጥጃውን ቀብረው ዝም አሉ። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈውና በኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛ በሆነው ጽሑፉ ያብራራው ይህንኑ ነው። ሻጭ የሸቀጡን ድብቅ ጉድለት ሲያውቅ፣ ገዢ ግን ሳያውቅ ሲቀር፣ ገዢ ሁሉንም መጠርጠር ይጀምራል። ደህነኛው ሸቀጥም ከመጥፎው ጋር አብሮ ይረክሳል። የሄርፎርድ ገበያ ከአከርሎፍ ጽሑፍ አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህንን አሳይቷል። ወሬው ሲወጣ ገዢዎች ከታወቁት የዘር ሐረጎች ሙሉ በሙሉ ሸሹ። በእነዚያ ሐረጎች ውስጥ የነበሩ ብዙ ንጹሓን ከብቶችም በአባታቸው ስም ብቻ ወደ ቄራ ተነዱ።

የጉዳቱን ክፍፍልም ማየት ይገባል። ኮርማውን በውድ የሸጠው የስመ ጥር ዘር ባለቤት ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። ኪሳራው የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኤግዚቢሽን ገብቶ በማያውቀው ተራ የሥጋ ከብት አርቢ ላይ ነው። ላሙ ዓመት ሙሉ ሣር በልታ፣ ክረምቱን በድርቆሽ ተቀልባ የሰጠችው አንኮራፊ ድንክ ነው። የዓመቱ ወጪ እንዳለ ይቆማል፤ ገቢው ዜሮ ነው። የዋጋው መረጃ ወደ ላይ፣ ወደ ሻጩ ተመልሶ እስኪደርስ ድረስ አንድ የከብት ትውልድ ያልፋል።

ንጹሑን ከተሸካሚው የመለየት ወጪ

ዛሬ አንድ የጭራ ፀጉር ላቦራቶሪ ልኮ ማስመርመር ይቻላል። ያን ጊዜ የጂን ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም። አርቢዎች የከብቶችን ግንባር በመሣሪያ ለክተዋል፤ ተመራማሪዎችም የጥጆችን አከርካሪ ራጅ አንስተዋል። አስተማማኙ መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር። ኮርማውን ድንክ ከወለዱ፣ ማለትም ተሸካሚነታቸው ከተረጋገጠ ላሞች ጋር ማዳቀልና መጠበቅ። ተሸካሚ ኮርማ ከእንዲህ ዓይነት ላም ጤነኛ ጥጃ የማግኘት ዕድሉ ከአራት ሦስት ነው። አሥራ ስድስት ጥጆች በተከታታይ ጤነኛ ሆነው ከተወለዱ ኮርማው ተሸካሚ የመሆን ጥርጣሬ ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል። ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር በማዳቀል ለመፈተን ከታሰበ ደግሞ 35 ያህል ጥጆች ያስፈልጋሉ። ለአንድ ኮርማ ንጽሕና ድንክ አስወላጅ የላም መንጋ ማቆየት፣ ዘጠኝ ወር መጠበቅ፣ የተወለዱትን ድንኮች መጣል ማለት ነው። ንጽሕና ርካሽ አልነበረም። አርቢዎች ግን ይህን ከፈሉ፤ ድንክነቱም በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከገበያው እየጠፋ ሄደ።

እዚህ ላይ የዝምድና እርባታን ጨርሶ ለማውገዝ የሚቸኩል አንባቢን ቆም የሚያደርግ አንድ ታሪክ አለ። በሞንታና ክፍለ ግዛት ማይልስ ሲቲ የሚገኘው የመንግሥት የምርምር ጣቢያ በ1934 በሁለት የአንድ አባት ልጆች በሆኑ ኮርማዎች አንድ የተዘጋ የሄርፎርድ መንጋ መሥርቶ ነበር። "ላይን ዋን" ይባላል። ከውጭ ኮርማ አይገባበትም። የዝምድናው መጠን በጊዜ ብዛት 30 በመቶ ያህል ደርሷል። ሆኖም ድንክ ጥጃ ከዚህ መንጋ አልወጣም፤ የድንክነቱ ቀውስ ሲመጣም የተደናገጡ አርቢዎች ኮርማ ፍለጋ የጎረፉት ወደዚሁ መንጋ ነው። ዛሬ የላይን ዋን ደም በአሜሪካ ሄርፎርዶች ዘንድ በስፋት ይገኛል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ግማሹ ዕድል ነው። መሥራቾቹ ኮርማዎች ጂኑን አልያዙም። ግማሹ ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። ማይልስ ሲቲ ውስጥ ሪባን የለም። ጥጃ ሲወለድ ይመዘናል፤ ጡት ሲጥል ይመዘናል፤ በዓመቱ ይመዘናል። ሁሉም በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሚመረጠው ክብደትና ዕድገት ነው። የተኮማተረ ከብት በሚዛን ላይ አያሸንፍም። የሞተውም ሆነ ያልወለደችው መዝገብ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀበር ነገር የለም። መንግሥት ጥጃ ደብቆ የሚያተርፈው ነገር አልነበረውምና።

የአጭሩ ፋሽን ሲያልፍ የአሜሪካ ኤግዚቢሽን ከስህተቱ ተማረ ማለት ግን አይቻልም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነገሩ ተገልብጦ የረዥም ከብት ፋሽን ተነሳ። ዳኛው አሁን ቀና ብሎ ማየት ያዘ። ጥጃው ትልቅ ሆኖ እናቱን በምጥ ማስጨነቁም አብሮ መጣ።

ቤልጂየም ከአራት አንዱን እያወቀች

ሦስተኛው ጉዳይ የበለጠ ያወሳስባል፤ ምክንያቱም አርቢዎቹ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ቤልጂየም ብሉ የተባለው ዝርያ ሲታይ የተነፋ ይመስላል። ጭኑ ከኋላ በሁለት የተከፈለ፣ ትከሻው የተቆለለ፣ ስቡ ስስ ነው። ይህ መልክ የመጣው ጡንቻ እንዳይበዛ ልጓም የሚሆነው ጂን ስለተበላሸ መሆኑን ተመራማሪዎች በ1997 ደርሰውበታል። ልኳንዳ ነጋዴው ይወደዋል። ከቁም ክብደቱ እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው በድን ሆኖ ይሰቀላል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በወሊድ ጊዜ ይታያል። የጥጃው ጡንቻ ሰፊ፣ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ በመሆኑ ከአሥር ላሞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የሚወልዱት በቀዶ ጥገና ነው። የሐኪሙ ሒሳብ በሥጋው ዋጋ ላይ ተደምሮ ስለሚገኝ የቤልጂየም አርቢ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ወደደም ጠላም ግልጽ ንግድ ነው።

ያልታወቀው ሌላ ነው። በዚህ መንጋ ውስጥ ጅራታቸው የተጣመመ፣ ዕድገታቸው የቀጨጨ ጥጆች መብዛት ጀመሩ። የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኑን አግኝተው በ2009 ሲያሳትሙ ከአራት የቤልጂየም ብሉ ከብቶች አንዱ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል የበዛበትንም ምክንያት አገኙት። ተሸካሚው ከብት ከንጹሑ ይበልጥ ጡንቻማ ነው። ስለዚህ ለማዳቀያነት የሚመረጠው እሱ ነበር። የሄርፎርዱ ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በሌላ አህጉርና በሌላ ጂን ራሱን ደገመ። አንድ ልዩነት ግን ነበር። በዚህኛው ጊዜ ምርመራው በእጅ ስለነበር 16 ጥጃ መጠበቅ አላስፈለገም።

ስለ እኛስ?

የኢትዮጵያ አርቢ ቤልጂየም ብሉም ሄርፎርድም አያረባም ይባል ይሆናል። ሆልስታይን ግን ያረባል። በተለምዶ "የፈረንጅ ላም" የምንላት ጥቁርና ነጭ ላም ደም በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይት፣ በሆለታና በሰላሌ የወተት ንግድ ውስጥ ዋናው ነው። በቃሊቲ የተቋቋመው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከልም ከሚያሠራጨው አባለ ዘር አንዱ የዚህ ዝርያ ነው።

ፖኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የተባለ በ1962 የተወለደ አሜሪካዊ የሆልስታይን ኮርማ 16 ሺህ ሴት ልጆች ነበሩት፤ የልጅ ልጆቹ ከ500 ሺህ በላይ፣ የልጅ ልጅ ልጆቹ ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ልጆቹ ወተት ያጎርፉ ነበር። በአሜሪካ ካለው የሆልስታይን ደም 14 በመቶው የእርሱ ነው። ቺፍ ግን አንድ ብልሹ ጂን ይዞ ነበር። ጂኑን ከሁለት ወገን የወረሰ ጽንስ አይወለድም፤ በማህፀን ይሞታል። ነገሩ የተጠረጠረው በ2011፣ ጂኑ ተለይቶ የታወቀው ደግሞ በ2016 ነው። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት በ35 ዓመት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጽንሶች ወጥተዋል፤ ኪሳራውም ወደ 420 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህ ከሄርፎርዱ ይለያል። ብልሹው ጂን ራሱ ወተት አልጨመረም፤ ከወተቱ ጋር ተሳፍሮ መጣ እንጂ። እውነቱ መነገር ካለበትም የቺፍ ልጆች በወተት ያስገኙት ጭማሪ በ30 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። በዚህ ሒሳብ 420 ሚሊዮኑ ኢምንት ነው። ችግሩ ትርፉና ኪሳራው በአንድ ኪስ አለመግባታቸው ነው። ሠላሳው ቢሊዮን የአንድ ኢንዱስትሪ ነው። የወጣው ጽንስ ግን የአንድ ሰው ላም ነው። አምስት ላም ላለው የወተት ባለቤት አንዷ ላም "ደገመች"፣ እንደገና ተጠቅታ "አልያዘችም" ሲባል ማለት የወራት ፉርሽካና ፋጉሎ ያለ ወተት ይበላል ማለት ነው። ሞቶ የወጣው ጽንስ ገና ትንሽ ስለሆነ ባለቤቱ አያየውም። ጥፋቱ የመኖው ነው፣ የአየሩ ነው፣ የቴክኒሻኑ ነው ይባላል።

በእኛ አገር ይህን የሚያባብሱ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ገዢ በገበያ ላይ ጊደር ሲመርጥ የቆዳዋን ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉርነት እንደ ወተት ማረጋገጫ መቁጠሩ ነው። ቀለሙ ደሟ ከየት እንደመጣ ሊጠቁም ይችላል፤ ስለ ወተቷ መጠን ግን ምንም አይናገርም። ሁለተኛው በየሰፈሩ አንድ የታወቀ ኮርማ መኖሩ ነው። ባለቤቱ እያስከፈለ ያስጠቃል። ኮርማው ግርማ ሞገስ ያለው ስለሆነ ዓመት አልፎ ዓመት ይቆያል። በሦስተኛው ዓመት ወደ እርሱ የሚመጡት ጊደሮች ግማሾቹ የገዛ ልጆቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ጊደሯን ይዞ የመጣው ሰው በመሐል ከሌላ ሰው ስለገዛት አባቷን አያውቅም። የኮርማው ባለቤትም አይጠይቅም፤ ቢጠይቅ የሚያጣው ክፍያውን ነውና።

መፍትሔው ከላቦራቶሪ በፊት የሚጀምር ነው። በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚሰጠው አባለ ዘር የታሸገባት ቀጭን ቱቦ ላይ የኮርማው መለያ ታትሟል። አዳቃይ ቴክኒሻኑ ሥራውን ጨርሶ ቱቦዋን ከመጣሉ በፊት ባለቤቱ ያንን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና የላሚቱን ስም በደብተር ሊያሰፍር ይችላል። ጥጃዋ ስትወለድም በዚያው መስመር ትመዘገባለች። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ጊደሯ ስትደርስና ቴክኒሻኑ ሲመጣ ደብተሩ ይወጣል፤ በእጁ የያዛት ቱቦ ቁጥር ከአባቷ ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ሌላ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ጊደሯ ለገበያ ከቀረበችም ደብተሩ አብሯት ቢሄድ ገዢው ከቆዳዋ ቀለም ሌላ የሚያየው ነገር ያገኛል።